ላጣው ከሆነ ለምን ልውደድ?

«ከዚህ በኋላ ማንንም አልወድም።» ልቡ የተሰበረ ሰው ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። አንዳንዱ ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ ይናገራታል። አንዳንዱ ለራሱ ብቻ ይላታል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይል ሥራ ያበዛል፣ ለመልእክት አይመልስም፣ ሰው ጠጋ ሲለው ዞር ይላል። ሁሉም የሚሉት ያው ነው፦ ሁለተኛ አይለምደኝም።

እኔ በዚህ ሰው ላይ አልፈርድም። ባሌን ቀብሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ «መውደድ ይሻላል ወይስ ይቅር?» ብትሉኝ ያለማመንታት መውደድ እላችኋለሁ። ግን ይህን የምለው ሕመሙን ስለረሳሁት አይደለም። ጥያቄውን ሳገላብጠው ከርሜ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንነጋገር። ማጣት ለጥቂት ዕድለ ቢሶች ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። ሁለት ሰዎች ተዋደው ወይ ይለያያሉ፣ ወይ እስከ መጨረሻው አብረው ይኖራሉ። እስከ መጨረሻው ከኖሩ አንዳቸው ቀድመው ይሄዳሉ። አብረው የሚሞቱ እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በጣም የሰመረ ትዳር እንኳን የሚያልቀው አንድ ሰው ብቻውን ሲቀር ነው። ይህን በሠርግ ቀን ማንም አያነሳውም፤ ማንሳትም የለበትም። ሁሉም ግን ያውቀዋል።

እያወቅን ታዲያ ለምን እንገባበታለን?

ይህን ጉዳይ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ሊያሰላው የሞከረ አንድ ሰው አለ። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያስተማረው ሳይንቲስት ቻርለስ ዳርዊን ነው። በ1838 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 29 ዓመቱ ነበር። ከረጅሙ የመርከብ ጉዞው ተመልሷል፣ ሥራው ተጧጡፏል፣ ማግባቱ ላይ ግን አልቆረጠም። ወረቀት አወጣና በአንድ በኩል «ማግባት»፣ በሌላው በኩል «አለማግባት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ይዘረዝር ጀመር። ካላገባ እንደልቡ ይሄዳል፣ ዘመድ ለመጠየቅ አይገደድም። ካገባ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ ያንሰዋል፣ ማታ ማታ ማንበብ ይቀራል፣ የልጆች ወጪና ሐሳብ ይመጣል፣ ጊዜው ይባክናል። በሌላው በኩል ደግሞ ልጆች አሉ፣ ቤት አለ፣ ሙዚቃና ጨዋታ አለ፣ ሲያረጅ የምታስብለት ጓደኛ አለች። መጨረሻ ላይ «ማግባት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጻፈና ነገሩን ዘጋው። በጃንዋሪ 1839 የአጎቱን ልጅ ኤማን አገባ።

ወረቀቱ ዛሬም ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ያን የሚያህል ጥንቁቅ ሰው የመጽሐፍ ገንዘቡን ሳይቀር አስቧል። «ብወዳትና ብትሞትብኝስ?» የሚል ግን አልጻፈም። «ልጅ ወልጄ ብቀብርስ?» የሚልም የለበትም።

ሁለተኛ ልጃቸው አኒ በ1841 ተወለደች። በ1851 በጠና ስትታመም አባቷ ለሕክምና ማልቨርን ወደምትባል ከተማ ወሰዳት። ኤማ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቤት ቀረች። እሱ ከልጁ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እንዴት እንደዋለችና እንዴት እንዳደረች ለሚስቱ ይጽፍላታል። ኤፕሪል 23 ቀን አኒ ሞተች። 10 ዓመቷ ነበር።

በሳምንቱ ዳርዊን ስለ ልጁ መጻፍ ጀመረ። ለማሳተም አይደለም። እንዳይረሳት ነው። የጻፈውን ሳነብ ቆም ብዬ ቀረሁ። አኒ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የአባቷን ፀጉር ስታበጣጥር ትቆያለች፤ ማሳመሯ ነው። ደግሞ ከተቀመጠበት ቦታ ቆንጥራ የሰረቀችለትን ሱረት ይዛ በደረጃው እየሮጠች ትወርዳለች። እሱን ደስ ስላሰኘችው መላ ሰውነቷ በደስታ ያበራል። ሐዘኑን ሊጽፍ የተቀመጠ አባት የሚጽፈው ይህን ነው፤ የፀጉር ማበጠር፣ የደረጃ ሩጫና የሱረት ስርቆት። ሌላ ምን ይጽፋል? ያጣው እኮ ይህንኑ ነው።

ኤማ የአኒን የጽሕፈት ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን እስክትሞት ድረስ አልጣለችውም። እሷ የሞተችው በ1896 ነው። አኒ በሞተች ከ45 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሌላኛውን ወገን መስማት ግድ ይላል። ምክንያቱም ፍቅርን ተጠንቀቁ ያሉን ሞኞች አይደሉም። ከቡድሃ ትምህርቶች መካከል ስለ ቪሳካ የሚተረክ አለ። ቪሳካ ሳቫቲ በምትባል ከተማ የምትኖር ሴት ናት። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ፀጉሯና ልብሷ እንደረጠበ ቡድሃ ዘንድ መጣች። የምትወዳት የልጅ ልጇ ሞታባት ነው፤ እርጥበቱ የሐዘን ምልክት ነው። ቡድሃም «የሳቫቲን ሕዝብ ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች ቢኖሩሽ ትወጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ» አለች። «ሳቫቲ ውስጥ በቀን ስንት ሰው ይሞታል?» አላት። «አሥርም ይሞታል፣ አምስትም፣ አንድም፤ ሰው ሳይሞት የሚያልፍ ቀን የለም» አለችው። «እንግዲህ ፀጉርሽና ልብስሽ የሚደርቅበት ቀን ይኖራል?» አላት። አይኖርም። መቶ የሚወደው ያለው መቶ ሐዘን አለው፣ አንድ የሚወደው ያለው አንድ ሐዘን አለው፣ የሚወደው የሌለው ሐዘን የለውም ብሎ ነገራት።

ይህን ስሌት ለማፍረስ ሞክሬ አልቻልኩም። ትክክል ነው። የሚወዱት ሰው በበዛ ቁጥር የሚያለቅሱለት ሰው ይበዛል።

ኤፒክቴተስም አለ። ከባርነት ወጥቶ የፍልስፍና መምህር የሆነ ሰው ነው። ልጅህን ወይም ሚስትህን ስትስም ሟች ሰው እየሳምክ እንደሆነ ለራስህ ንገረው ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ጭካኔ መሰለኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ያላስተዋልኩት ነገር አየሁ። ሰውዬው አትሳም አላለም። እየሳምክ አስታውስ ነው ያለው። ስለ እሱ ከተጻፉት መካከል ደግሞ እንዲህ የሚል አለ፦ ወላጆቹ ከድህነት የተነሳ ሊጥሉት የነበረን የወዳጁን ሕፃን በስተርጅናው ወስዶ አሳደገ። ሌላውን «ሟች ነውና አስታውስ» ሲል የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ ሕፃን አቅፎ ቤቱ ገባ። ለእኔ ይህ ከትምህርቱ በላይ ይናገራል።

የቡድሃን ስሌት በተመለከተ ግን የምለው አለኝ። ስሌቱ ለማን ነው የሚሠራው? የሚወደው የሌለው ሰው ሐዘን የለውም፤ እሺ። ያ ሰው ግን የት አለ? እኔ «ከእንግዲህ አልወድም» ባልኩበት ጊዜ እናቴ በሕይወት ነበረች። እህቴ ነበረች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተለየችኝ ጓደኛ ነበረችኝ። እነሱን ልውደድ ወይስ ልተው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከእናታችን ስንወለድ ማንም ፈቃዳችንን አልጠየቀም። ወደድናት፣ በቃ። ከማጣት ማምለጥ የሚቻል ቢሆን ኖሮ መውጣት የነበረብን ገና በሕፃንነታችን ነው። አሁን በራችን ላይ ለቆመው ለአንዱ ሰው ብቻ «አንተን ካልወደድኩ እተርፋለሁ» ማለት ከብዙ ሐዘኖች መካከል አንዷን መቀነስ ነው። ሌሎቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። እንዲያውም ሲመጡ አብሮን የሚሸከም ሰው ሳይኖር ነው የሚመጡት።

ይህን የተረዳሁት እናቴ ስትታመም ነው። ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ሰዎች «ሐዘን የፍቅር ዋጋ ነው» ይላሉ። ለማጽናናት ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከፍለን እንጨርስ ነበር። መጀመሪያ ደስታው፣ በኋላ ሒሳቡ የሚመስል ነገር አለበት። እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። ሕመሙ መጨረሻ ላይ ከውጭ አልመጣም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውስጥ ነበር። ባሌ ገና ፍቅረኛዬ ሳለ ሲያመሽ የሚይዘኝን ጭንቀት አስታውሳለሁ። ስልኩ ካልተነሳ ደረቴ ይጠብባል። ገና ምንም ሳላጣ ማጣትን አውቀው ነበር።

ይህን የሚደግፍ ነገር ያልጠበቅኩት ቦታ አገኘሁ። ፕሬሪ ቮል የሚባሉ አይጥ የሚመስሉ ትንንሽ የሰሜን አሜሪካ እንስሳት አሉ። ከአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በተለየ ወንዱና ሴቷ ተጣምረው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውንም አብረው ያሳድጋሉ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ስለ ትስስር ማወቅ ሲፈልጉ እነሱን የሚያጠኑት። በ2009 ኦሊቨር ቦሽ፣ ላሪ ያንግና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ። ወንዶቹን ከጥንዶቻቸው ለዩዋቸው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ሌላው ጊዜ ለመውጣት አይታገሉም። ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው የሚመስሉት። ከወንድማቸው የተለዩት ግን እንዲህ አልሆኑም።

አንጎል ውስጥ ውጥረትን የሚቀሰቅስ ሲ.አር.ኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራውን ሲያግዱት እነዚያ የተለዩት ወንዶች እንደ ቀድሟቸው ሆኑ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። በአንድ የአንጎል ክፍል ውስጥ የዚህ ንጥረ ነገር መመረት የጨመረው የተለዩት ላይ ብቻ አልነበረም። ከሴቷ ጋር የተጣመሩት ሁሉ ላይ ጨምሯል። ገና አብረው ያሉት ላይ ጭምር። ከወንድማቸው ጋር የኖሩት ላይ ግን ይህ አልታየም። ማለትም ሕመሙ የሚነሳበት ነገር የተዘጋጀው ሲለያዩ አይደለም፤ ሲጣመሩ ነው።

ሰው ቮል አይደለም። ከአንድ ጥናት ተነስቶ ስለ ሰው ልጅ ፍቅር መደምደም አይገባም። ለእኔ ግን የማውቀውን ነገር በሌላ ቋንቋ ነገረኝ። የመውደዱና የመታመሙ ነገር ሁለት አይደለም። አንዱን ብቻ ልውሰድ ቢሉ አይነጠልም። ያ ጭንቀት ባይኖር ሰው ሲያመሽ ማን ይጠብቃል? ሲታመም ማን ያስታምማል? አብሮ የሚያቆየውና ሲለዩ የሚያሳምመው አንድ ነው።

አካል ራሱ ይህን ያውቃል። በ1990 ጃፓን ውስጥ ሐኪሞች አንድ የልብ ሕመም ገለጹ። ሰውየው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እንደያዘው ሁሉ ደረቱን ያመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ምርመራ ሲደረግ ግን የልብ ደም ሥሮቹ አልተዘጉም። የግራ የልብ ክፍል ከታች ተነፍቶ፣ ከላይ ጠቦ ይታያል። ቅርጹ ጃፓናውያን ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ስለሚመስል በማሰሮው ስም ታኮትሱቦ አሉት። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ፣ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከከባድ ድንጋጤ ወይም ሐዘን በኋላ ነው። ስለዚህ «ልቤ ተሰበረ» የሚል ሰው አጋነንክ አይባልም። የሚሞቱበትም አሉ። አብዛኞቹ ግን በሳምንታት ውስጥ ልባቸው ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል። የምር ይሰበራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይጠገናል።

ስለ ሐዘን ከተነሳ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች» የሚባለው፤ ያዘነ ሰው ከመካድ ተነስቶ እስከ መቀበል በተራ ያልፍባቸዋል የሚሉት። አንዳንዱ «አሁን የቁጣው ደረጃ ላይ ነሽ» ይላችኋል። የአእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ በ1969 ያን ሐሳብ ስታቀርብ መነሻዋ ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን ነበሩ። የሞተባቸው ሰዎች አልነበሩም። እኔ ምንም ደረጃ አልወጣሁም። ጠዋት አልቅሼ ከሰዓት የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ ዋጋ ተከራክሬያለሁ። ማታ ተመልሼ አልቅሻለሁ። በኋላ ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 የጻፉትን ሳገኝ እፎይ አልኩ። ያዘነ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ነው የሚሉት፤ አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ኑሮው። መመላለሱ ጤነኛ ነው። በሐዘን መሃል መሳቅ ክህደት አይደለም። ከሳቁ በኋላ ማልቀስም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።

አሁን ስለ አንድ የድምፅ መልእክት ልናገር።

ባሌ ልኮልኝ ስልኬ ውስጥ የቀረ ነው። ስለ ፍቅር አንድም ቃል የለበትም። ዕቃ መሸጫ ውስጥ ቆሞ ነው። «አምፖሉ የቱ ነው? ክቡ ነው ወይስ ሾጣጣው? ሁለቱም እዚህ አለ።» ከዚያ ዝም ይላል፤ መልስ የምሰጠው ይመስል። አጠገቡ ሰው ያልፋል መሰለኝ «ይቅርታ» ይላል ቀስ ብሎ። ትንሽ ይተነፍሳል። «እሺ፣ ሁለቱንም እገዛለሁ። ስትሰሚው ደውዪ።» አለቀ።

በዚያን ጊዜ ሰምቼው እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ስልኬ ተበላሽቶ ጠጋኙ «ውስጡ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል» ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ፎቶዎቹ አላሳሰቡኝም። ያ «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል ናት ያሳሰበችኝ። ለማያውቀው ሰው መንገድ ሲለቅ የሚናገርበት ድምፅ። ያንን ድምፅ የማውቀው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያውቀዋል?

መልእክቱ ተረፈ። አንዳንዴ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ስሰማው መሬት ላይ እቀመጥ ነበር። አሁን ስሰማው አንዳንዴ ፈገግ እላለሁ፣ አንዳንዴ አለቅሳለሁ፣ አንዳንዴ «ሾጣጣው ነው» እለዋለሁ። «ይህ ሁሉ ከሚሆን ባታውቂው አይሻልም ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። ጥያቄው ግን ትርጉሙ ጠፋኝ። እሱን ያላወቀች እኔ ማን ናት? ያቺ ሴት ሐዘን የላትም፣ እሺ። ግን እኔ አይደለችም። የእሷን ሰላም ለማግኘት ብዬ አብረን የኖርነውን ልስጥ ብባል አልሰጥም። በጣም በከፋው ሌሊት እንኳ አልሰጥም ነበር። «ሕመሙን ውሰድልኝ» ብዬ ለምኜ አውቃለሁ። «እሱን ውሰድልኝ» ብዬ ግን አላውቅም።

ሰዎች «ወዶ ማጣት ጭራሽ ካለመውደድ ይሻላል» የሚለውን አባባል የሞተበት ሰው ገና እንባው ሳይደርቅ ሲወረውሩበት ያሳዝነኛል። አባባሉ ከእንግሊዛዊው ገጣሚ ቴኒሰን የመጣ ነው። ብዙዎች ስለ ፍቅረኛ የተጻፈ ይመስላቸዋል። ቴኒሰን የጻፈው አርተር ሃላም ስለሚባል ጓደኛው ነው። ሃላም በ1833 ቪየና ውስጥ በ22 ዓመቱ ድንገት ሞተ። ግጥሙ የታተመው በ1850 ነው። በመካከል 17 ዓመት አለ። ገጣሚው ዓመታት የፈጀበትን ነገር እኛ በሳምንቱ እንዲቀበለው ሰውን አናስጨንቅ። አዲስ ሐዘንተኛን «ያም ሆኖ መውደድህ ጥሩ ነው» አትበሉት። አብራችሁት ተቀመጡ። ስለሞተበት ሰው ጠይቁት። ስሙን ጥሩ። የሞተውን ሰው ስም መጥራት የሚፈሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያዘነው ሰው ግን መስማት የሚፈልገው ያንን ስም ነው።

የአእምሮ ሕክምና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድም በዚህ ጉዳይ ላይ የሆነው ነገር አለ። በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ የሐዘን ሥራ ማለት ልባችንን ከሞተው ሰው ላይ ጥቂት በጥቂት ማላቀቅ ነው የሚል ነገር አስተማረ። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ነፃ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1920 ሶፊ የምትባል ልጁ በኢንፍሉዌንዛ ሞተችበት። በ1929 ልጁ ለሞተበት ለወዳጁ ለሉድቪግ ቢንስቫንገር ደብዳቤ ጻፈለት። ዕለቱ ሶፊ በሕይወት ብትኖር 36 ዓመት የሚሞላት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ብርቱ ሐዘን እንደሚበርድ እናውቃለን፤ ግን መጽናኛ አናገኝም፣ ምትክም አናገኝም አለው። ክፍተቱን የሚሞላው ነገር ቢገኝ እንኳ ያ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው፤ ልንለቀው የማንፈልገውን ፍቅር የምናቆየው በዚህ መንገድ ብቻ ነውና።

የ1917ቱ መምህር አስተማረ። የ1929ኙ አባት መሰከረ። እኔ አባቱን ነው የማምነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሐዘን ተመራማሪዎችም ወደዚሁ መጥተዋል። ጤናማ ሐዘን የግድ መላቀቅ አይደለም፤ ከሞተው ሰው ጋር ያለው ትስስር መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል ይላሉ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሌላ ሰው ለመውደድ የመጀመሪያውን መርሳት አለብኝ ብዬ ነበር የማስበው። መርሳት ስላልቻልኩ የተዘጋሁ መሰለኝ። አልተዘጋሁም ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መለየት አለብኝ። የማወራው ሰውየው ሲሄድ ስለሚመጣው ሕመም ነው። ሰውየው እያለ ስለሚያሳምም ግንኙነት አይደለም። የሚመታችሁ፣ የሚያዋርዳችሁ፣ ሁልጊዜ እያስፈራራ የሚያኖራችሁ ሰው ካለ «ፍቅር ያለ ሕመም አይሆንም» ብላችሁ አትቀመጡ። ያ ሌላ ነው። ከዚያ መውጣት ፍቅርን መሸሽ አይባልም።

በሕይወት ያለ ሰው ጥሎ ሲሄድ ያለው ሕመም ደግሞ ከሞት የሚለይበት ነገር አለው። የሞተ ሰው መርጦ አልሄደም። ጥሎ የሄደ ሰው ግን መርጦ ነው የሄደው። ስለዚህ ከሐዘኑ ጋር «እኔ ምን ጎደለኝ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፕሮፋይሉን ከፍቶ ማየት አለ። ብሎክ አድርጎ መልሶ መክፈት አለ። ከአዲሷ ጋር ሲስቅ ማየት አለ። ይህን አቅልላችሁ እንድታዩት አልፈልግም። አንዳንዱ ከሞት ይከብደኛል ይላል፤ አምነዋለሁ። ግን እዚያም ውስጥ ቢሆን የሄደው ሰው ይዞት ያልሄደው ነገር አለ። አንድ ሰው ስትወዱ መታገሥ ተምራችኋል፣ የሌላን ሰው ፍርሃት መስማት ተምራችኋል፣ ሲታመም ሌሊት መነሳት ችላችኋል። ያ የእናንተ ነው። እሱ ስለማይገባው ውሸት አይሆንም።

እኔ ከባሌ ሞት በኋላ ስለተዘጋሁበት ጊዜ ሰዎች «ቢያንስ ሰላም አግኝተሽ ነበር» ይሉኛል። ሰላም አልነበረም። ጸጥታ ነበር። ምንም አዲስ ነገር አላጣሁም፤ ያጣሁት ግን እንዳለ ነበር። ራሴን ስለዘጋሁ የቀነሰ ሐዘን የለም። የቀነሰው ጠዋት ስነሳ የምነግረው ሕልም፣ ማታ የማወራው ወሬ፣ ስናደድ የሚሰማኝ ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ሰው መጣ። እንዴት እንደተዋወቅን መተረክ አልፈልግም፤ የራሱም ጉዳይ ነው። ገና ከጅምሩ የባሌን ስም መጥራት አልፈራም። ስለ እሱ ይጠይቀኛል። ምን ያስቀው ነበር? ሲናደድ ምን ይል ነበር? አንድ ቀን የአምፖሉን መልእክት አሰማሁት። እስኪያልቅ ዝም ብሎ ሰማና «መጨረሻ ላይ የቱ ነበር?» አለኝ። «ሾጣጣው» አልኩት። እየሳቅን አለቀስን።

ፍርሃቴ አልሄደም። እውነቱን ለመናገር ብሶበታል። ያኔ ሲያመሽ የሚይዘኝ ጭንቀት አሁን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አይቶት ስለመጣ። ትንሽ ሲያስለው ቀና እላለሁ። ሐኪም ጋ ሂድ እያልኩ አሰለቸዋለሁ። ግን ይህ ፍርሃት ለምን እንደመጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጣላውም። የምወደው ሰው አለ ማለት ነው። ለእሱም ነግሬዋለሁ። «ስታመሽ ደውልልኝ፣ ቁጥጥር አይደለም» አልኩት። ይደውላል።

በቅርቡ ቁጭ ብለን ስለ ሞት ተነጋገርን። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ወረቀቶቹ የት እንዳሉ፣ የስልክና የባንክ ምስጢር ቁጥሮች፣ ለማን መጀመሪያ እንደሚደወል። ባሌ ሲሞት ከሐዘኑ ጋር ያን ሁሉ መፈለግ ምን ያህል እንዳደከመኝ ስለማውቅ ነው። ሁሉንም ጻፍን። እንደጨረስን እስክሪብቶውን አስቀመጠና «አንድ ነገር ቀርቷል» አለኝ።

«ምን?»

«ማን ቀድሞ እንደሚሄድ።»

«እሱን እኛ አንወስንም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን ብመርጥ ኖሮ የምቀረው እኔ እሆን ነበር። አንቺ አንዴ አይተሽዋል። ሁለተኛውን ለእኔ ተዪው።»

ምን እየጠየቀ እንደሆነ አያውቅም። የትዳር ጓደኛ ቀብሮ አያውቅም። ባዶ አልጋ፣ ያልተጠጣ መድኃኒት፣ በስሙ የሚመጣ ደብዳቤ፣ ይህን ሁሉ አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ። ስለማውቀውም «አይሆንም፣ እኔ እቀራለሁ፤ እኔ እችለዋለሁ» አልኩት። እሱም እምቢ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እስካሁን አልተስማማንም።